ኢንቨርተሩ የሚያውቀውን መሪው ይስማ

በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን በጀልባ ጥበቃና በኤሌክትሪክ ጥገና የሚተዳደሩ ልጆቻችን ለክብረ በዓል ሲመጡ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «የጀልባው ኢንቨርተርና ቻርጀር ከጀልባው የመረጃ መስመር ጋር እንዴት ይገናኛል? ምንስ ይጠቅማል?» የሚል ነው። ጉዳዩ ከገዳም ኑሮ የራቀ ቢመስልም፣ በእጅ ሥራ የሚያድር ሰው እንጀራውንና ሕይወቱን የሚነካ ነውና የአምራቾቹን መመሪያ አንብበን፣ ባለሙያዎቹንም ጠይቀን የደረስንበትን በዚህ ዓምድ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። በዱባይ ኾር ዳር፣ በሻርጃና በአጅማን መልሕቅ ቦታዎች ብዙ ጀልባ ከሚጓዝበት ቀን ይልቅ ታስሮ የሚቆምበት ቀን ይበዛል። ባለቤቱ በከተማ ነው፤ ጠባቂው ሌሊት ይተኛል ወይም ሌላ ጀልባ ይጠብቃል። በጀልባው ሆድ ጥቂት በጥቂት የሚጠራቀመውን ውኃ የሚያወጣው ፓምፕ የሚሠራው በባትሪ ነው። ባትሪውን የሚሞላው ቻርጀሩ፣ ቻርጀሩን የሚመግበው ደግሞ ከወደቡ በኬብል የሚመጣው መብራት ነው። አንድ ቀን የወደቡ ማጥፊያ ወረደ እንበል። ቻርጀሩ ይቆማል፤ ፓምፑ ግን ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ይሠራል፤ ከዚያም ይቆማል። ከዚያ በኋላ ጀልባው ታስሮ በቆመበት ስፍራ፣ ያለ ማዕበልና ያለ ነፋስ ሊሰጥም ይችላል። ቻርጀሩ መብራት እንደ ጠፋበት ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ያውቅ ነበር። ዳሩ ግን ያወቀውን የተናገረው በሞተር ክፍል ውስጥ፣ ሰሚ በሌለበት፣ በአንዲት ትንሽ መብራት ነው። የመረጃው መስመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ኢንቨርተር ከባትሪ የሚወጣውን 12 ወይም 24 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ወደ ተለዋዋጭ ኮረንቲ የሚለውጥ መሣሪያ ነው። በኤሚሬትስ ይህ 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ቻርጀር የዚህን ተቃራኒ ይሠራል፤ የወደቡን ተለዋዋጭ ኮረንቲ ተቀብሎ ባትሪውን ይሞላል። በብዙ ጀልባዎች ሁለቱ በአንድ ሣጥን ውስጥ ይገኛሉ። የወደቡ መብራት ሲኖር ሣጥኑ ባትሪ ይሞላል፤ ሲጠፋ ወዲያው ተገልብጦ ከባትሪው መብራት ይሰጣል። በዚህ ቅጽበታዊ መገለባበጥ የተነሣ በጀልባው ውስጥ ያለ ሰው የወደቡ መብራት መጥፋቱን ሳያውቅ ባትሪውን ሊጨርስ ይችላል።

የመረጃው መስመር በመርከበኞች ዘንድ «ኒሚያ 2000» ይባላል። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1957 ከተመሠረተው የአሜሪካ የባሕር ኤሌክትሮኒክስ ማኅበር የተወሰደ ነው። ማኅበሩ ቀደም ሲል ያወጣው «0183» የተባለው ሥርዓት አንዱ እንዲናገር፣ ሌሎቹ እንዲያደምጡ ብቻ ይፈቅድ ነበር። አዲሱ ሥርዓት ግን የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 ለመኪናዎች ባስተዋወቀው «ካን» በተባለ የመገናኛ ዘዴ ላይ የተሠራ ስለሆነ፣ በአንድ ኬብል ላይ ብዙ መሣሪያዎች እየተናገሩም እየሰሙም ይኖራሉ።

አሠራሩን የጉባኤን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። በጉባኤ ታላቁና ታናሹ በአንድ ጊዜ ቃል ቢጀምሩ ታናሹ ዝም ይላል፤ የታላቁ ቃል ግን ሳይቆረጥ ይቀጥላል፤ ታናሹም ተራውን ጠብቆ የጀመረውን ይናገራል። በዚህ መስመርም እያንዳንዱ መልእክት የማዕርግ ቁጥር አለው፤ ሁለት መልእክት ቢገናኙ ቁጥሩ ያነሰው ያልፋል፣ የበዛው ይቆያል፤ አንዱም አይጠፋም። ፍጥነቱ በሰከንድ 250 ኪሎቢት ነው። በመካከል አንድ ግንድ ኬብል ይዘረጋል፤ ከግንዱ ወደ እያንዳንዱ መሣሪያ አጭር ቅርንጫፍ ይወጣል። የአንዱ ቅርንጫፍ ርዝመት ከ6 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ በግንዱ ላይ የሚያያዙት መሣሪያዎችም ከ50 አይበልጡም። በግንዱ ሁለት ጫፎች ላይ እያንዳንዳቸው 120 ኦም የሆኑ መዝጊያዎች ይገባሉ። መዝጊያ የሌለው ጫፍ እንደ ገደል ማሚቶ ድምፁን መልሶ እየላከ የሚነገረውን ያደበላልቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። ብዙ ኢንቨርተሮች የየአምራቻቸውን ቋንቋ እንጂ የኒሚያን ቋንቋ በቀጥታ አይናገሩም፤ ስለዚህ አስተርጓሚ ያስፈልጋቸዋል። ለምሳሌ የሆላንዱ ቪክትሮን ኩባንያ «መልቲፕላስ» የተባለው ኢንቨርተር ቻርጀር በራሱ መስመር «ሰርቦ ጂ ኤክስ» ወደ ተባለው ሣጥን ይገናኛል፤ ሣጥኑም ለዚህ በተሠራ ኬብል ወደ ኒሚያው ግንድ ይያያዛል። ከዚያ በሣጥኑ ቅንብር ውስጥ ወደ ኒሚያ 2000 እንዲናገር የሚፈቅደውን ምርጫ ማብራት ይገባል፤ ይህ ካልበራ ኬብሉ ተሰክቶ ሳለ ምንም አይሰማም። ማስተርቮልትም የራሱን መስመር ከኒሚያ ጋር የሚያገናኝ የራሱ አስተርጓሚ አለው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፦ በመልቲፕላሱ ላይ ያለው ቀዳዳ የኢንተርኔት ኬብል ቀዳዳ ይመስላል፤ በሰርቦው ላይም ተመሳሳይ መልክ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ የሚናገሩት ቋንቋ ግን ይለያያል። ኬብሉ ገባ ማለት ቦታው ነው ማለት አይደለም። ባለሙያው በቀዳዳው አጠገብ የተጻፈውን ስም ሳያነብ አይሰካ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የመስመሩ ምግብ ነው። የኒሚያ ግንድ የሚሠራው በ12 ቮልት ነው፤ የተፈቀደለት ከ9 እስከ 16 ቮልት ነው። የጀልባው ባትሪ 24 ቮልት ከሆነ በቀጥታ ማገናኘት ሌሎቹን መሣሪያዎች ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ግንዱ ከአንድ ቦታ ብቻ፣ በራሱ ፊውዝ በኩል፣ በትክክለኛው 12 ቮልት ይመገብ። በኬብሉ ውስጥ ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ምግቡን ይይዛሉ፤ ነጩና ሰማያዊው መልእክቱን ይይዛሉ።

ሥራው ሲያልቅ ባለሙያው የግንዱን ምግብ አጥፍቶ በነጩና በሰማያዊው ሽቦ መካከል በቴስተር ይለካ። ሁለቱ 120 ኦም መዝጊያዎች ጎን ለጎን ስለሚነበቡ ልኩ 60 ኦም አካባቢ መሆን አለበት። 120 ቢያነብ አንዱ መዝጊያ ጎድሏል ወይም ግንዱ ተቆርጧል፤ 40 ቢያነብ ሦስተኛ መዝጊያ ተጨምሯል። ይህች የአንድ ደቂቃ ልኬት የብዙ ቀን ፍለጋ ታስቀራለች።

መስመሩ ተናገረ ማለት ግን እውነት ተናገረ ማለት አይደለም። መልእክቶቹ በቁጥር ይለያሉ፦ 127507 የቻርጀሩን ሁኔታ፣ 127509 የኢንቨርተሩን፣ 127508 የባትሪውን ቮልት፣ አምፔርና ሙቀት፣ 127506 ደግሞ በባትሪው የቀረውን መጠን ይናገራሉ። በመሪው ፊት ያለው ማሳያ ከእነዚህ የትኞቹን እንደሚያነብ ሳይገዙ በፊት ማረጋገጥ ይገባል። በአንድ ጀልባ ላይ ሁለት ባትሪዎች፣ ይኸውም የሞተር ማስነሻውና የቤቱ፣ ሁለቱም በ0 ቁጥር ራሳቸውን ቢጠሩ ማሳያው አንዱን በሌላው ስም ይጠራል። የሞላውን የሞተር ባትሪ እያሳየ የቤቱ ባትሪ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የተለየ ቁጥር ይሰጥ፤ ቁጥሩም በባትሪው ሣጥን ላይ ይጻፍ።

ከዚህም ጋር ቻርጀሩ የሚያውቀው ራሱ የሚሰጠውን እንጂ ከባትሪው የሚወጣውን ሁሉ አይደለም። ገቢና ወጪውን የሚመዝነው በባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ላይ የሚገባው «ሸንት» የተባለው መለኪያ ነው። አንዲት ገመድ እንኳ ሸንቱን አልፋ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ከተያያዘች፣ የወጣው ሳይቆጠር ይቀራል፤ ሚዛኑም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይዋሻል።

በባሕረ ሰላጤው ደግሞ ሙቀቱን መርሳት አይቻልም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ በተዘጋ ሞተር ክፍል ከዚያም ይብሳል። ከላይ የጠቀስነው መልቲፕላስ፣ ባለ 3000 ቪ.ኤው፣ በአምራቹ ሠንጠረዥ በ25 ዲግሪ 2400 ዋት ያለማቋረጥ ይሰጣል፤ በ40 ዲግሪ 2200፣ በ65 ዲግሪ ግን 1700 ብቻ። በክረምት ቀዝቃዛ ቀን ማቀዝቀዣውን ያስነሣ ኢንቨርተር በሐምሌ ቀትር ቢከለክል የተበላሸ ላይሆን ይችላል፤ ከሙቀት ራሱን እየጠበቀ ነው። የእርሳስ ባትሪም ሲግል የመሙያው ቮልት ዝቅ ሊልለት ይገባል፤ ለዚህም የሙቀት መለኪያው ገመድ በባትሪው ላይ መታሰሩ ይረጋገጥ።

አሁን የዚህ ጽሑፍ ልብ ወደሆነው ነገር ደረስን። ብዙ ሰው ማስጠንቀቂያውን የሚያዘጋጀው ባትሪው ሲያልቅ እንዲጮኽ ነው። ይህ የሞት መርዶ እንጂ የበሽታ ምልክት አይደለም። አስተርጓሚውም፣ ግንዱም፣ ማሳያውም የሚኖሩት በዚያው ባትሪ ነውና፣ ባትሪው ሲያልቅ መልእክተኛውም አብሮ ይሞታል። ማስጠንቀቂያው የወደቡ መብራት በጠፋበት ሰዓት፣ ባትሪው ገና ሙሉ ሳለ ይጩኽ። እንደዚሁም ብዙ ጠባቂዎች ከጀልባው ሲወርዱ የመሣሪያዎቹን ማጥፊያ ይዘጋሉ፤ ግንዱ በዚያ ማጥፊያ በኩል ከተመገበ ሰው በሌለበት ጊዜ ሁሉ ጉባኤው ተበትኗል ማለት ነው። ስለዚህ አስተርጓሚው ሣጥን ከማጥፊያው በፊት፣ በራሱ ፊውዝ በኩል ይመገብ። የኒሚያው ድምፅም ከጀልባው ወሰን አያልፍም፤ በከተማ ላለው ጠባቂ እንዲደርስ ሣጥኑ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት አለበት። ይህን ሁሉ ሠርቶ ያጠናቀቀ ሰው የወደቡን ኬብል ሆን ብሎ ነቅሎ መልእክቱ ወደ ስልኩ መድረሱን ሳያይ ሥራውን አስረከብኩ አይበል።

ስለ ነፍስም አንድ ቃል እንጨምራለን። የወደቡን ኬብል የነቀለ ሰው «መብራቱ ጠፍቷል» ብሎ እጁን ወደ ሽቦው እንዳይሰድ። ኢንቨርተሩ ከባትሪው 230 ቮልት እየሠራ ነው፤ የተነቀለው ኬብል አያቆመውም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የወደቡ ኬብል ይነቀል፣ ኢንቨርተሩ ይጥፋ፣ የባትሪው ዋና ማጥፊያ ይዘጋ፣ ከዚያም በቴስተር ተለክቶ ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ። እርጥብ እግርና ጨዋማ ውኃ ባለበት ስፍራ ይህን ሥርዓት የዘለለ ሁለተኛ ዕድል ላያገኝ ይችላል። የ230 ቮልቱ ክፍል የተመሰከረለት ባለሙያ ሥራ ነው፤ አሠሪ ቢያስቸኩልም ልጆቻችን «ይህ የእኔ ድርሻ አይደለም» ማለትን እንዳይፈሩ እንመክራለን።

ይህ ትምህርት ለሀገራችንም ባዕድ አይደለም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ ተቋም ወደብ ከሌላት ሀገር የመርከብ ኢንጂነሮችንና የመርከብ ኤሌክትሪክ ባለሙያዎችን እያሠለጠነ ወደ ዓለም ባሕር ይልካል። በዚያው በጣና ላይ ከደንገል የሚታሠረው ታንኳ ባትሪም ሽቦም ሳይሻ ዛሬም ይቀዝፋል፤ ከእርሱ ጎን ለጎን ግን ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ተሳላሚ የሚያሻግሩ ባለ ሞተር ጀልባዎች አሉ። በኤሚሬትስ ይህን ሙያ የቀሰመ ልጅ ወደ ሀገሩ ሲመለስ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ዕውቀቱ ለእነዚህ ጀልባዎች ይበልጥ ይጠቅም ይሆናል። ስለዚህ በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን ያላችሁ ልጆቻችን የሠራችሁትን መስመር ሁሉ በወረቀት ሥላችሁ አኑሩ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ጠባቂ በጨለማ እንዳይፈልግ፣ እናንተም ስትመለሱ የምታስተምሩበት እንዲሆናችሁ።