ሐዋሳ ሄደን ምን እንሥራ?

ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነንና በዕረፍት ሰዓት የምንነጋገረው ስለ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንደኛው ስለ ፈተና፣ ሁለተኛው ወደ ሐዋሳ ስለምናደርገው የመሰናበቻ ጉዞ ነው። የፈተናውን ነገር ለመምህሮቻችን ትቼ ስለ ጉዞው ያለኝን አስተያየት በትሕትና አቀርባለሁ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ሐዋሳ ምን ይሠራል? መዋኛና ሙዚቃ ከሌለ ቀኑ አይገፋም» ይላሉ። እንደ እኔ አስተያየት ግን ሐዋሳ ብዙ ገንዘብ ለሌለው ሰውም የምትመች የዕረፍት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮም የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆነን የኮልፌ ብርድ ለሚመታን ልጆች ወደ 1,700 ሜትር ወርዶ መሞቅ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ሕዝቡ በብስክሌት ይሄዳል። ከአጣና ተራ ግፊያና ከታክሲ ሰልፍ ለመጣ ሰው የሚቸኩል ሰው አለማየት ያሳርፋል።

ታዲያ ምን እንሥራ? መጀመሪያ በማለዳ ወደ አሞራ ገደል እንሂድ። ዓሣ አጥማጆች በጀልባ ሲመለሱ፣ ልጆች የቆሮሶውን ቆዳ ሲገፉ፣ አባ ኮዳ የሚባለው ራሰ በራ ትልቅ ወፍም ትራፊ ለመልቀም እንደ ለማኝ ቆሞ ሲጠብቅ እናያለን። ቁርሳችን የዓሣ ሾርባ ይሁን። ቀጥሎ ታቦር ተራራ እንውጣ። በጂኦግራፊ መጽሐፍ የተማርነው ስምጥ ሸለቆ ከዚያ ላይ በዓይን ይታያል። ጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ስለዚህ የጣልነው ላስቲክ እዚያው ይቀራልና ቆሻሻችንን ይዘን እንመለስ። ከዚያም ጉዱማሌን እንይ፤ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጨምበላላ፣ የሚከበርበት ሜዳ ነው። ቀኑን የሚወስኑት ከዋክብትን የሚያዩ ሽማግሌዎች ናቸው። ማታ በፍቅር ሐይቅ ዳር እየተራመድን እንጨዋወት።

እነዚህን ሁሉ ልጅ ሳለሁ ከአጎቴ ጋር ሄጄ አይቻለሁ፤ አጎቴም ሀብታም አልነበረም።

ባለፈው ዓመት በክፍል ሆነን ወደዚያው ስንሄድ ገንዘብ ያዡ እኔ ነበርሁ። መዋጮውን ከፍ ያደረግነው ለካናቴራ፣ ለድምፅ ማጉያ ኪራይና ለሆቴል መዋኛ መግቢያ ነበር። አንድ ወዳጄ «አሞኛል፤ አልሄድም» ቢለኝ ከስሙ ጎን «አልፈለገም» ብዬ ጻፍሁ። ከተመለስን በኋላ ግን ያስቀረው ሕመም ሳይሆን የገንዘብ እጦት እንደ ነበረ ዐወቅሁ። ማን እንደሆነ አልናገርም። ሰኞ ዕለት «ሐይቁ እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ፤ ቀኑን ሙሉ በመዋኛው አጠገብ ስንጮኽ ውለን ሐይቁን በደንብ አላየነውምና። ጓደኛችንን ያስቀረው ያ ሁሉ ወጪ ለእኛም አልጠቀመንም።

ስለዚህ ዘንድሮ ለአውቶቡስ፣ ለአንድ ሌሊት መኝታና ለምግብ ብቻ እናዋጣ። እያንዳንዱም የቻለውን በፖስታ አሽጎ ለክፍል ኃላፊ መምህራችን ይስጥ፤ የከፈለና ያልከፈለ ተብሎ ስም አይጠራ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለምን?

የተከበራችሁ ወላጆች ሆይ፤ ስለ ውኃው አትሥጉ። በሐይቁ ጉማሬ ስላለ አንዋኝም፤ ከዳር ሆነን እናያለን እንጂ። መምህሮቻችንም «ጊዜ ማባከን ነው» እንዳትሉን እለምናለሁ። አራት ዓመት አብረን የተማርን ልጆች ከፈተናው በኋላ እንበታተናለን። ሁለት ቀን አብሮ ማረፍ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን አንድም ሰው ሳይቀር መሆን አለበት።

ይህ የግል አስተያየቴ ነው። የተሻለ ሐሳብ ያለው ቢያርመኝ በደስታ እቀበላለሁ።