የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እና የሥራ ዕድል፦ ከቁጥር ባሻገር

በሲዳማ ክልል የሕዝቡ አሰፋፈር ጥቅጥቅ ያለ፣ የአንድ ቤተሰብ የእርሻ ይዞታም እጅግ አነስተኛ ነው። በቡናና በእንሰት ላይ የተመሠረተው ኑሮ ትምህርቱን ያጠናቀቀውን ወጣት ሁሉ ሊሸከም አልቻለም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከፍተኛ ተስፋ የተጣለበትም በዚህ ምክንያት ነበር። 52 ሼዶች ያሉት ፓርኩ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ እስከ 60,000 ለሚደርሱ ሠራተኞች የሥራ ዕድል እንዲፈጥር ታቅዶ፣ ከእስያና ከአሜሪካ የመጡ የአልባሳት አምራቾች ገብተውበታል።

የቀጣዮቹ ዓመታት ተሞክሮ ግን የኢንቨስትመንቱን ሁለት ደካማ ጎኖች አሳይቷል። የመጀመሪያው በአንድ ገበያ ላይ የነበረው ጥገኝነት ነው። ምርቱ በአብዛኛው በአጎዋ አማካይነት ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ የሚላክ ነበር። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከዕድሉ ተጠቃሚነት እንደምታግድ ባስታወቀች ማግስት፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ግዙፉ የአሜሪካ ኩባንያ ፒ.ቪ.ኤች. በፓርኩ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ ገለጸ። እገዳው ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጸና የትዕዛዝ መቀነስ ጫናው ያረፈው በሠራተኛው ላይ ነው።

ሁለተኛው የደመወዝና የኑሮ ውድነት አለመመጣጠን ነው። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል ያወጣው ጥናት የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ያህል እንደነበር አመልክቷል። ከገጠር ለመጣች ወጣት ይህ ገቢ የቤት ኪራይና የምግብ ወጪን ለመሸፈን አዳጋች በመሆኑ፣ ብዙዎች ሙያውን በቅጡ ሳይለምዱ ሥራቸውን ለቀዋል። ይህም አምራቹን ለተደጋጋሚ የሥልጠና ወጪ፣ ወጣቷን ደግሞ ባዶ እጇን ወደ ቤተሰቧ ለመመለስ ዳርጓል።

በዘርፉ ለመሰማራት የሚፈልጉ ዜጎች በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተረጋገጡላቸውን መብቶች አስቀድመው ማወቅ ይጠቅማቸዋል። በዚሁ መሠረት፦

• የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው ይሰጣል፤
• የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤
• መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ ለትርፍ ሰዓት ሥራ ቢያንስ የመደበኛው ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል፤
• ሠራተኛዋ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ከክፍያ ጋር ታገኛለች።

አዋጁ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋምም ይደነግጋል።

የውጭ ባለሀብት ወደ ክልሉ መግባቱ ለሥራ ፈላጊው በር ይከፍታል። ይሁንና በአንድ ገዥ ላይ የተንጠለጠለ ፋብሪካ የገዥው አገር ፖሊሲ በተለወጠ ቁጥር ይናጋል፤ የቤት ኪራይን የማይሸፍን ደመወዝም ሠራተኛውን አያቆይም። በመሆኑም የአንድ ፓርክ ስኬት ሊለካ የሚገባው በመጀመሪያው ቀን በተቀጠሩት ሰዎች ብዛት ሳይሆን፣ ከዓመታት በኋላም በሥራቸው ላይ ሆነው ኑሯቸውን ባሻሻሉት ሠራተኞች ቁጥር ነው።