የፀሐይ ነፋስ

ከምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ወደ ኋላ ፈቀቅ ባለ መጠን ሙቀቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። በፀሐይ ዘንድ የሚታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የፀሐይ ገጽ ትኩሳቱ 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሆን፥ ከገጿ በላይ ያለው ስስ ጋዝ ትኩሳቱ ከአንድ ሚሊዮን ዲግሪ ይበልጣል። ይህ ጋዝ ኮሮና ይባላል፤ ትርጓሜውም አክሊል ማለት ነው። ጨረቃ ፀሐይን ፈጽማ በጋረደቻት ጊዜ ዙሪያዋን ከቦ የሚታየው ነጭ ብርሃን እርሱ ነው። ከእሳቱ ይልቅ በዙሪያው ያለው ስለ ምን ጋለ? ሊቃውንት ብዙ ዘመን የደከሙበት ጥያቄ ይህ ነው።

የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዩጂን ፓርከር ይህን ትኩሳት መነሻ አድርገው አሰሉ። እንዲህ የጋለ ጋዝ በፀሐይ ስበት ታግዶ ሊቀር ስለማይችል፥ በሴኮንድ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ሳያቋርጥ ወደ ጠፈር ይነፍሳል አሉ። ከእርሳቸው አስቀድሞ ሉድቪግ ቢርማን የተባሉ ጀርመናዊ ሊቅ፥ ጅራታም ኮከብ ወዴትም ቢጓዝ ጅራቱ ከፀሐይ በተቃራኒው ወገን እንደሚዘረጋ ተመልክተው፥ ነፋስ ጢስን እንደሚገፋ ከፀሐይ የሚወጣ ነገር ጅራቱን ይገፋዋል ብለው ነበር።

ነገር ግን የፓርከርን ጽሑፍ እንዲመረምሩ የተመደቡት ሁለት ሊቃውንት አልተቀበሉትም። የመጽሔቱ አዘጋጅ ሱብራማኒያን ቻንድራሴካርም ሐሳቡ ደስ አላሰኛቸውም፤ ሆኖም በስሌቱ ስሕተት ስላልተገኘበት በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1958 አሳተሙት። በ1962 ማሪነር ሁለት የተባለችው መንኰራኵር ወደ ቬነስ ስትጓዝ ነፋሱን በመሣሪያ ለካችው።

ይህ ነገር ለቤታችን ምን ይረባናል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ፀሐይ አልፎ አልፎ ከዘወትር ነፋሷ የሚበልጥ ታላቅ የጋለ ጋዝ ደመና ትወረውራለች። ወደ ምድር በደረሰም ጊዜ የምድርን መግነጢስ ያናውጣል፤ በረጃጅም የመብራት ሽቦዎችም ላይ ያልታሰበ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል። በማርች 13 ቀን 1989 በካናዳ በኬቤክ አገር ስድስት ሚሊዮን ያህል ሰው ዘጠኝ ሰዓት ያህል መብራት አጥቶ የቀረው ከዚህ የተነሣ ነው። መከላከያው አስቀድሞ ማወቅ ነው፤ ለማወቅም ወደ ምንጩ መቅረብ ያስፈልጋል።

ስለዚህ አሜሪካውያን በኦገስት 2018 በፓርከር ስም የተሰየመች መንኰራኵር ወደ ፀሐይ ሰደዱ። ሊቁም በ91 ዓመታቸው ስትነሣ ቆመው አዩ። በኤፕሪል 2021 ከኮሮናው ውስጥ ገባች፤ በዲሴምበር 24 ቀን 2024 ደግሞ ከፀሐይ ገጽ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል እስኪቀራት ድረስ ቀረበች። ከምድር እስከ ፀሐይ ያለውን መንገድ አንድ ሜትር ብናደርገው፥ የቀራት አራት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር።

ታዲያ እንዴት አልቀለጠችም? ከከሰል የምትፈናጠር ብልጭታ ከፈላ ውኃ ይልቅ የጋለች ናት፤ ነገር ግን እጅግ ጥቂት ስለ ሆነች እጅን እንደ ውኃው አታቃጥልም። ኮሮናም እንዲሁ እጅግ ስስ ነው። የፀሐይን ብርሃን ግን ውፍረቱ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የካርቦን ጋሻ ይመክትላታል።

መንኰራኵሯ የፀሐይ መግነጢስ መስመሮች እየተጠማዘዙ ወደ ኋላ ሲታጠፉ ደጋግማ አግኝታለች። ኮሮናን የሚያግለው ኀይል ከመግነጢስ እንደሚመነጭ ሊቃውንት ይስማማሉ፤ በየትኛው መንገድ እንደ ሆነ ግን ገና ይከራከራሉ።

ፓርከር በማርች 2022 ዐረፉ። አዘጋጁ ደስ ያላሰኛቸውን ጽሑፍ ቢመልሱት ኖሮ፥ ነፋሱ መንፈሱን ባልተወ፥ ሰው ግን ሳያውቀው ጥቂት ዘመን በቈየ ነበር። በየቤታችንም ልጅ እንግዳ ነገር ሲናገር፥ ከመገሠጽ በፊት «እንዴት ዐወቅኸው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።