ሰርቨሩ ገባ፤ ደረሰኙ የት ቀረ?

ሱቁ መርካቶ፣ መጋዘኑ ቃሊቲ፣ ቅርንጫፉ አዳማ የሆነ ነጋዴ የሒሳብና የዕቃ መዝገቡን በአንድ ሰርቨር ላይ አኑሮ፣ ሠራተኞቹ ካሉበት ሆነው በሪሞት ዴስክቶፕ እንዲሠሩበት ማድረጉ ብልህነት ነው። መዝገቡ አንድ ይሆናል፤ በየቅርንጫፉ ያለው ኮምፒዩተር አሮጌ ቢሆንም ግድ የለም። የእኛ ቅሬታ ግዢው ላይ ነው።

ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰብና ዋጋ ብቻ ይነጻጸራል። ስንት ሰው በአንድ ጊዜ ይገባል ብሎ የሚጠይቅ የለም። በዚህ አሠራር የሁሉም ሠራተኛ ሥራ የሚሠራው በአንዱ ማሽን ውስጥ መሆኑ ይዘነጋል። ለአንድ ሰው 2 ጊጋባይት ራም ብንይዝ 20 ሰው 40 ጊጋባይት ይፈልጋል፤ ይህም ዊንዶውሱና ዳታቤዙ ሳይቆጠሩ ነው። 32 ጊጋባይት ያለውን በርካሽ የገዛ ነጋዴ ጉድለቱን የሚያየው ሁሉም በአንድ ላይ ሲገባ፣ ሒሳብ በሚዘጋበት በሰኔ 30 ሰሞን ነው። የፈቃዱም ነገር አለ። የተጠቃሚዎች ፈቃድ ሳይገዛ የተተከለ የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ አገልግሎት ለ120 ቀን ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ሠራተኛውን አያስገባም። ያን ጊዜ ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል።

የባሰው ግን ሕትመቱ ነው። አዳማ ያለችው ሽያጭ ሠራተኛ ፕሪንት ስታዝ ገጹ የሚዘጋጀው አዲስ አበባ ባለው ሰርቨር ላይ ነው፤ ከዚያ በመስመሩ ተጉዞ እሷ ጠረጴዛ ላይ ወዳለው ፕሪንተር ይመለሳል። ጥቂት መስመር ጽሑፍ ያለው የዕቃ ማውጫ ቀላል ነው። አርማና ፎቶ የበዛበት ሰነድ ግን 20 ሜጋባይት ከደረሰ፣ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር 80 ሴኮንድ ይፈጃል፤ መስመሩን የሚጋሩት ሁሉ ስክሪናቸው ይንቀራፈፋል። ገዢው ደግሞ አይሱዙውን አስነሥቶ ይጠብቃል።

በዚህ ላይ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ደስ ያለውን ፕሪንተር ይገዛል። የሁሉም ድራይቨር ሰርቨሩ ላይ ሲጫን አንዱ ብልሹ ስፑለር የሚባለውን የሕትመት ተራ አስከባሪ ሊያቆመው ይችላል፤ የአዳማው ጥፋት ቃሊቲንም ያስቆማል ማለት ነው። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ጀምሮ ያለው ኢዚ ፕሪንት ይህን ጣጣ በብዙው ስለሚያቃልል ባለሙያው አስቀድሞ እሱን ይሞክር። በ2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዚሁ ስፑለር ላይ አደገኛ ቀዳዳ ከተገኘ ወዲህ፣ ማይክሮሶፍት ድራይቨር መጫንን ለአስተዳዳሪ ብቻ አድርጎታል። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ ፕሪንተር ገዝቶ መሰካት ብቻውን አይበቃም።

በየቅርንጫፉ አንድ ዓይነት ፕሪንተር ግዙ። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያውም ከሲስተሙ ጋር በመስመሩ ላይ መነጋገሩ በዓይን ይታይ። የመጨረሻው ክፍያ ደግሞ ሁሉም ቅርንጫፍ በአንድ ሰዓት ገብቶ ደረሰኝ እስኪያወጣ ድረስ በእጃችሁ ይቆይ፤ ይህም በውሉ ላይ ይጻፍ።