ለማታዎቹ የኮዲንግ መምህራን

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ፕሮግራም የድር ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራና የዳታ ሳይንስ በነጻ ያስተምራል። በጎ ጅምር ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው ግን በኢንተርኔት ነው፤ ከነሐሴ 2015 በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ደግሞ የመንዟ ከተማችን መሐል ሜዳ አትረሳም።

በዚህ ብርዳም ደጋ፣ ቀን ሱቅ ሲጠብቅ የዋለ ጎልማሳ የሚማረው ማታ ነው። ስልኩን ይዞ ብቻውን ከታገለ የመጀመሪያው ስህተት ተስፋ ያስቆርጠዋል። አጠገቡ ተቀምጦ «ወንድሜ፣ ቅንፉን አልዘጋኸውም» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል ያስቆጠረው ሰሌዳ ፊት የሚቆሙ ዘማቾች ስለነበሩት ነው።

ማታ አጠገብ ተቀምጦ ኮዲንግ የማስተማርን ሥራ ያለ ደመወዝ ለሚሠሩ ትንንሽ የበጎ ፈቃድ ማኅበራት ብዙ አንለምንም። ትምህርት ቤቶች የኮምፒዩተር ክፍላቸውን ማታ ይክፈቱላቸው። ኔትወርክ ሲጠፋ ትምህርቱ እንዳይቆም፣ መማሪያው በአማርኛ ተዘጋጅቶ በፍላሽ ይጫንላቸው። በአዲስ አበባና በውጭ ያላችሁ የመንዝ ልጆችም ያገለገለ ላፕቶፕ ስትልኩ ባትሪውን አስቀድማችሁ ፈትሹ፤ እዚህ መብራት ይጠፋል።