ለሁለት ሌሊት ወደ ፍል ውሃ ሲኬድ፤ ስለ ማረፊያ ቤት አመራረጥ

አንድ የተከበሩ አንባቢያችን ከዲላ ደብዳቤ ጽፈውልናል። ቡናው ተለቅሞ ካለቀ በኋላ፣ በጥር ወር፣ በጉልበት ሕመም የተቸገሩትን እናታቸውን ወደ ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ለመውሰድ አስበዋል። ሥራቸው ከሦስት ቀን የበለጠ ፈቃድ ስለማያስገኝላቸው የሚያድሩት ሁለት ሌሊት ብቻ ነው። ጥያቄያቸውም ትልቁ ሆቴል ይሻላልን ወይስ ጥቂት ክፍሎች ብቻ ያሏት ትንሽ ማረፊያ የሚል ነው። ልባቸው ወደ ትንሿ ቤት አዘንብሏል፤ ነገር ግን ዘመድ «ለእናቱ ገንዘብ ሰሰተ» እንዳይላቸው ፈርተዋል።

ስለዚህ ነገር ከመምከራችን በፊት የራሳችንን ስሕተት እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት አረጋዊት አክስታችንን ይዘን ስመ ጥር ወደ ሆነ ፍል ውሃ ሄደን ነበር። ማረፊያውን የመረጥነው በሕንፃው ትልቅነትና በደጁ በቆሙት አውቶሞቢሎች ብዛት ነው። ክፍላችን ከሦስተኛው ፎቅ ላይ ሆነ፤ መታጠቢያው ደግሞ ከግቢው ማዶ ነበረ። አክስታችን ያን ሁሉ ደረጃ ሰው ደግፏቸው ወርደው፣ ወንድና ሴት ተቀላቅሎ የሚዋኝበትን ገንዳ ባዩ ጊዜ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ተመለሱ። ሁለቱንም ቀን በመስኮት ሲመለከቱ ዋሉ። ወደ ቤት ስንመለስ «እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ፤ ደኅና አየር ተቀበልሁ» አሉን እንጂ ውሃው ገላቸውን እንዳልነካ ለማንም አልተናገሩም። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ስማችን ተጠብቋል፤ የታመመው ጉልበት ግን እንደ ሄደ ተመልሷል።

በአገራችን ወደ ፍል ውሃ መሄድ የቆየ ልማድ ነው። አዲስ አበባ ራስዋ የተቆረቆረችው በዚሁ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ መኳንንቱ ከእንጦጦ እየወረዱ በፍል ውሃ ይታጠቡ ነበርና፤ እቴጌ ጣይቱም በ1879 ዓ.ም. በዚያው አጠገብ ቤት አሠሩ። በወንዶ ገነትም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ማረፊያ ነበራቸው። በድሮ ጊዜ ግን ባለ ማዕርግ ሰው ድንኳኑን፣ ወጥ ቤቱንና አልጋውን ይዞ ይጓዝ ስለ ነበረ ማረፊያ መምረጥ አላስቸገረውም። ዛሬ በሰው ቤት የምናድር ስለ ሆንን መጠየቅ ግዴታችን ሆነ።

በዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የተራቀቁት ጃፓኖች ናቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ያን አገር ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ስለ ጻፉ፣ የጃፓን ነገር ለአማርኛ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ጃፓኖች ፍል ውሃውን ኦንሴን፣ በጥንቱ ሥርዓት የተሠራውን የእንግዳ ማረፊያ ደግሞ ርዮካን ይሉታል። በያማናሺ አውራጃ ያለው ኬዩንካን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ705 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ ይነገርለታል። እንግዳ ከደጃፍ ጫማውን ያወልቃል፤ ምንጣፍ በተነጠፈበት ክፍል ሻይ ይቀርብለታል፤ ቀለል ያለ የጥጥ ልብስ ይሰጠዋል፤ እራቱና ቁርሱም እንደ ልማዱ ከመኝታው ዋጋ ጋራ ይታሰባል። ብዙ ጊዜ የቤቱ እመቤት ራስዋ ወጥታ እንግዳውን ትቀበላለች። ወደ ሙቁ ገንዳ ከመግባቱ በፊት ገላውን በሳሙና ታጥቦ ይለቀለቃል፤ ገንዳው የድካም ማሳረፊያ እንጂ የእድፍ ማስለቀቂያ አይደለምና። በአብዛኛው ስፍራ የሴቶቹ መታጠቢያ ከወንዶቹ የተለየ ነው። መንግሥታቸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፣ ከምድር ሲወጣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን፣ አለዚያም በሕጉ የተዘረዘሩት ማዕድናት በበቂ መጠን የሚገኙበትን ውሃ ለይቶ ኦንሴን ብሎታል።

ጃፓናዊ ማረፊያ ሲመርጥ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ውሃው ነው። ውሃው ከምንጩ መጥቶ በገንዳው አልፎ ይፈስሳልን? ወይስ ያው አንዱ ውሃ እየተጣራና እየሞቀ ይመላለሳል? ትንሽ ቤት ከትልቁ የምትበልጠው በዚህ ነው፤ ገንዳዋ ትንሽ ስለ ሆነ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ይለወጣል። ትንሽ ሆና ገንዳዋን ለሳምንት የማትለውጥ ከሆነች ግን ትንሽነትዋ ምንም አይጠቅምም።

እንግዲህ ለዲላው አንባቢያችን የምንመክረው ትንሿን ቤት ይምረጡ ብለን ነው፤ ነገር ግን ዓይን ሳያያት ገንዘብ አይላክ። ከዲላ እስከ ሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፣ ወደ ሻሸመኔም አልፈው ወደ ወንዶ ገነት የሚታጠፉት በአንድ ቀን ነውና፣ አስቀድሞ አንድ የታመነ ሰው ልኮ ማስመርመር ይቻላል። የሚላከው ሰው የሕንፃውን ውበት አይንገረን። ከአልጋው እስከ መታጠቢያው ስንት እርምጃ እንደ ሆነና በመካከሉ ስንት ደረጃ እንዳለ ቆጥሮ ይምጣ። መዝጊያው ከውስጥ የሚቆለፍ፣ እናትና ልጅ ወይም እናትና ደንገጡር ብቻቸውን የሚገቡበት መታጠቢያ መኖሩን ይይ። መጸዳጃው መቀመጫ ያለው ይሁን፤ ጉልበቱን የታመመ ሰው ቁጢጥ ማለት አይችልም፤ ይህንንም እናቶች አፍረው አይናገሩትም። አልጋውም ከወገብ ያልራቀ ይሁን። በዚህ ነገር እንኳ ጃፓኖችን አንከተልም፤ እነርሱ ፍራሽ ከወለል ላይ ዘርግተው ይተኛሉ፤ የእኛ እናቶች ግን ከዚያ ለመነሣት ሁለት ሰው ይፈልጋሉ።

ስለ ምግቡም ባለቤቲቱን ማነጋገር ያስፈልጋል። ዓርብና ረቡዕ የጾም ወጥ ትሠራለችን? ቆጮና ጎመን ለለመደ ሰው ታቀርባለችን? በትልቅ ቤት መልሱ በታተመ ወረቀት ላይ ነው፤ በትንሽ ቤት ግን በባለቤቲቱ ፊት ላይ ይነበባል። ጥያቄ ሲበዛባት የምትቆጣ ከሆነች፣ እኩለ ሌሊት ሙቅ ውሃ ሲፈለግ ምን እንደምትሆን መገመት አያዳግትም።

የዘመድ ሐሜት ግን እምብዛም ሊያሳስባቸው አይገባም። የጌዴኦ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ፣ ከጥንቱ ትክል ድንጋዮች ጋራ የተከበረው ታላቅ ግንብ አልነበረም፤ በየቤቱ ዙሪያ እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፎች አብረው የሚያድጉበት የገበሬው ጓሮ ነው። በእንዲህ ያለ አገር የኖረ ሰው ትንሽ ነገር በጥንቃቄ ሲያዝ ምን ያህል ክብር እንዳለው ያውቃል። ሐሜተኛ ቢነሣም ከሆቴሉ ተርፎ የተቀመጠውን ገንዘብ ለእናቲቱ ለሁለተኛ ጉዞ ማዋል ይቻላል።

ስለ ውሃው ኃይል ደግሞ ጥቂት ቃል እንጨምር። ሙቅ ውሃ የጅማትንና የመገጣጠሚያን ሕመም ለጊዜው ያስታግሣል እንጂ አርጅቶ የተበላ ጉልበትን አያድስምና፣ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ከጉዞው ጋራ አይቅር። ጉልበቱ ቀልቶና አብጦ የሚያቃጥል ከሆነ አስቀድሞ ሐኪም ይየው። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው፣ እርጉዝ ሴትም፣ ሳይመክሩ አይግቡ። ለአረጋውያን 40 ዲግሪ ያልዘለለ ውሃ ይበቃል፤ ከ10 ደቂቃ እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ ቀስ ብሎ መነሣት ነው፤ ፈጥኖ የተነሣ ሰው ራሱን ያዞረዋል፣ ይወድቃልም። ከጠጅ በኋላ ወደ ሙቅ ውሃ መግባት ለወጣትም አይበጅ። በወንዶ ገነት ምንጩ ከሚፈልቅበት ዘንድ እረኞች በቆሎና ድንች ይቀቅሉበታል፤ ስለዚህ ልጆችን ይዞ የሚሄድ ሁሉ ከምንጩ አፍ ያርቃቸው።

በመጀመሪያው ቀን ከመንገድ ድካም በኋላ እናቲቱ አርፈው፣ ማታ አንድ ጊዜ ብቻ ይታጠቡ። በሁለተኛው ቀን ጧትና ማታ ይበቃቸዋል። በሦስተኛው ቀን ከውሃ ወጥቶ ወዲያው አውቶሞቢል መሳፈር ብርድ ያስመታልና፣ ከታጠቡ በኋላ ጋቢ ለብሰው፣ ቡናው እስኪፈላ ተቀምጠው ይነሡ። ፎጣና ትርፍ ነጠላ ከቤት ይዘው ይሂዱ፤ በትንሽ ቤት ፎጣ ይጎድላል።

አንባቢያችን የሚሄዱት ጥር ሳያልቅ ስለ ሆነ፣ ይህ መልስ ቀድመው ከደረሱን ደብዳቤዎች ሁሉ በፊት እንዲወጣ አድርገናል፤ ተራቸው የተላለፈባቸው ወይዛዝርትና መኳንንት ይቅር ይበሉን።