የስኳሩን ክትባት አንጠብቅ

ሰሞኑን በስልካችን ከሚዞሩት መልእክቶች አንዱ «ካንሰርን የሚያድን የስኳር ክትባት ተገኘ» የሚል ነው። ከጸሎት ፕሮግራም በኋላ ሁለት ሦስት ሰዎች ጠይቀውኛል፤ አንዲት እኅት እንዲያውም «ታዲያ ማር እንተው?» አለችኝ። ከምንበላው ጋር አይገናኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰውነታችን ሴሎች ላያቸው በጥቃቅን የስኳር ሰንሰለቶች የተሸፈነ ነው። ሴል ወደ ካንሰር ሲለወጥ ይህ ሽፋን ብዙ ጊዜ ይዛባል። ተመራማሪዎች የተዛባውን ስኳር ለሰውነት አሳይተው «ጠላትህ ይህ ነው» ሊሉት ይሞክራሉ። ሐሳቡ ባዶ አይደለም፤ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ሕፃናት የሚወጉት የሳንባ ምች ክትባት ከባክቴሪያ የስኳር ሽፋን የተሠራ ነው። ባክቴሪያ ግን ባዕድ ነው። ካንሰር የራሳችን ሥጋ ነው፤ ሰውነት ደግሞ የራሱን እንዳይወጋ ሆኖ ተፈጥሯል። ቴራቶፕ የተባለው ክትባት የጡት ካንሰር በተሰራጨባቸው ከ1,000 በላይ ሴቶች ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ውጤቱ ሲታወቅ ዕድሜ አላራዘመም። ምርምሩ ቀጥሏል። ዛሬ ግን ባሕር ዳር ላይ ሄዳችሁ የምትወጉት እንዲህ ያለ ክትባት የለም።

ይህን ማንሣቴ መጠበቅ ስለሚቀናን ነው። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እኅት የትንቢት ቃል እስኪመጣላት ትቆያለች፤ «ተፈውሰሻል» ብሎ የሐኪም ቀጠሮዋን የሚያስተዋት አገልጋይም አይጠፋም። አሁን ደግሞ የሚጠበቅ ክትባት ተጨመረ። እብጠቱ ግን ያድጋል። ንጉሥ ሕዝቅያስ እንደሚፈወስና 15 ዓመት እንደሚጨመርለት ከእግዚአብሔር ተነግሮት ነበር፤ ያም ሆኖ ኢሳይያስ ቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዘዘ (2ኛ ነገሥት 20)። መድረክ ላይ ቆሞ «መድኃኒታችሁን ጣሉ» የሚል ሰው ከኢሳይያስ የሚበልጥ እምነት አገኘ ማለት ነው?

ደግሞ በእጃችን ያለውን ክትባት እንገፋለን። የማሕፀን በር ካንሰር የሚያስከትለውን ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሯል። ይህኛው ከስኳር ሳይሆን ከፕሮቲን የተሠራ ነው፤ የታመመን አያድንም፣ ሳይመጣ ይከላከላል። «ያመክናል» የሚለውን ወሬ ሰምተው በክትባት ቀን ሴት ልጃቸውን ቤት የሚያስቀሩ አማኝ ወላጆች አሉ። ወሬው ሐሰት ነው። የክትባቱ ቀን ከመድረክ በማስታወቂያ ቢነገር ምን ይጎዳናል?

ከ30 ዓመት በላይ የሆናችሁ እኅቶች፣ የማሕፀን በር ምርመራ ጠይቁ። እብጠት ያያችሁም አትቆዩ። ብቻችሁን መሄድ ከከበዳችሁ ለሴቶች ኅብረት ንገሩ፤ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ድረስ አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ይገኛል። ጸሎቱን ባጃጅ ውስጥ እናደርሳለን።